በሐሰት የተወነጀለ ቋጠሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቢሮ የሚባል ደጅ አልረግጥም ብዬ ነበር። ጓሮዬን ኮትኩቼ፣ ከጎረቤት ጋር ተጨቃጭቄ፣ በሰላም ልኖር ነበር ሐሳቤ። ባለፈው ሰሞን ግን የድሮው ግብርና ቢሮዬ የዓሣ ሀብት ሰዎች ደውለው "እትዬ አስቴር፣ ነባር ባለሙያ ስለሆኑ በክብር እንግድነት ይገኙልን" አሉኝ። ክብር ሲባል ማን ይጠላል? ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ጂንካ አዳራሽ የፊት ወንበር ሰጡኝ፤ የታሸገ ውኃም አቀረቡልኝ። በረከት የሚባል ወጣት አሠልጣኝ መድረክ ላይ ወጣና ግድግዳው ላይ ፎቶ አበራ። ፎቶው ላይ ከእንጨት የተቀረጸች ዓሣ አለች፤ ከሆዷ ሥር ባለ ሦስት አፍ መንጠቆ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። "ዛሬ የምናየው" አለ ልጁ፣ "መንጠቆን በብረት ቀለበት ፋንታ በጉንጉን ክር የማያያዝ አዲስ ቴክኖሎጂ ነው።"

አዲስ! ኧረ በሕግ አምላክ! ይህን ቋጠሮ እኮ ይኸው መሥሪያ ቤት ነው ከልክሎ ያስጣለው። ቋጠሮውን ያመጡትን ሰው እኮ ይኸው መሥሪያ ቤት ነው በር ክፈቱ፣ በር ዝጉ ብሎ የፈረደባቸው። ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና "አንተ ልጅ፣ ይሄ ቋጠሮ ባለቤት አለው!" ብዬ ጮኽኩ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። አንዲት አስተናጋጅ ጎንበስ ብላ "እማማ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው" አለችኝ። የክብር እንግድነቴ እዚያው ላይ አበቃና ውኃዬን ይዤ ወጣሁ።

ስለዚህ በአዳራሹ ያላስጨረሱኝን እዚህ እጨርሰዋለሁ።

የተቀጠርኩት ደርግ በወደቀ ማግሥት ነው። አያቴ ከሰሜን መጥቶ ጂንካ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ ግብርና ቢሮ በግምጃ ቤት ሠራተኛነት ገባሁ። ደመወዙን አታንሡብኝ፣ ስሙ ብቻ ነበር። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዶማ፣ የክትባት ሳጥን፣ የተቀደደ መረብ፣ ምን የሌለ ነገር አለ! ከኋላ ጥግ ላይ ግን አንድ ሰው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እንጨት ይጠርባሉ። ጋሽ ባሳ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ያደጉ፣ መረብ ሲጠግኑ የሸበቱ፣ ወንጌላዊ አማኝ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። የዞኑ የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ባለሙያ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ረዳት ይሰጠኝ ብለው ሲለምኑ ኖረው፣ በመጨረሻ እኔን ሰጧቸው።

"መርፌ ትይዣለሽ?" አሉኝ መጀመሪያ ቀን።

"እይዛለሁ።"

"እጅሽን ታጠቢ።"

በጣሳ አመድ አለ፣ በጆግ ውኃ አለ። በአመድ ፈትጌ ታጠብኩ። ንጹሕ ጨርቅ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ክሩን ልነካ ስል አንዴ መዳፌን አገላብጠው አዩና "እንደገና" አሉ። እንደገና ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "እሰሪ" ብቻ አሉኝ። ጋሽ ባሳ ዘንድ "ለምን" የሚባል ጥያቄ መልስ የለውም። እጅ ታጠቢ፣ እሰሪ፣ ፍቺ፣ እንደገና እሰሪ፤ ትምህርታቸው ይኸው ነበር። አንዳንዴ ያንገበግበኝና "ሚስትዎንም እንዲህ ነው የሚያናግሩት?" እላቸዋለሁ። ሳቅ ይሉና ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ ሥራውን ልንገራችሁ። ኦሞ ላይ መረብ ብዙ አይበረክትም። ግንድ እያንከባለለ የሚመጣ ወንዝ ነው፤ ግንዱ የተወውን አዞው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጋሽ ባሳ የእንጨት ዓሣ ይቀርጻሉ። ዋንዛን ጠርበው፣ በብርጭቆ ስባሪ አለስልሰው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሆዷና ጭራዋ ላይ የሽቦ ጆሮ ያበጁላታል። በረጅም ክር ተወርውራ ስትጎተት ውኃ ውስጥ እንደ ቆሰለች ትንሽ ዓሣ ትንገዳገዳለች። ትልቁ ነጭ ዓሣ ያያትና ይውጣታል። በጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለው ባለ ሦስት አፍ መንጠቆ ደግሞ እሱን ይይዘዋል።

ጭንቁ ያለው መንጠቆው ከጆሮው ጋር የሚያያዝበት ላይ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የቁልፍ መያዣ በመሰለ የብረት ቀለበት የተያያዘ ነው። ነጭ ዓሣ ሲያዝ ዝም ብሎ አይጎተትም፤ ራሱን ያራግፋል፣ ይገለባበጣል። በተገለባበጠ ቁጥር የእንጨቷን ሰውነት እንደ መፈንቀያ ተጠቅሞ ቀለበቱን ይከፍተዋል፣ ወይ መንጠቆውን ከመንጋጋው ፈልቅቆ ይጥለዋል። ጋሽ ባሳ ቀለበቱን አወጡና በምትኩ ወፍራም ጉንጉን ክር አስገቡ። ክር አይፈነቀልም። ዓሣው ወደ ዞረበት መንጠቆውም አብሮ ይዞራል።

አስተሳሰሩን በቃል መግለጽ ቀላል ነው፤ እጅ ግን ሲሠራው ወዲያው አይታዘዝም። ክሩን አጥፈሽ ጫፎቹን በአንድ ላይ ትቋጥሪና ጠንካራ ቀለበት ታደርጊዋለሽ። የታጠፈውን ጎን በሽቦው ጆሮ ታሾልኪዋለሽ፤ መንጠቆውን በዚያው ቀለበት ውስጥ አሳልፈሽ ትስቢዋለሽ። ከመጥበቁ በፊት በምራቅሽ ታረጥቢዋለሽ፤ ደርቆ ከተሳበ በራሱ ግለት ይቃጠላል። ቀስ ብለሽ ትስቢያለሽ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር አንጠልጥለሽ በሙሉ ጉልበትሽ ትስቢያለሽ። ቁመቱ ከበዛ የፊቱና የኋላው መንጠቆ ይተቃቀፋሉ፤ ካነሰ መንጠቆው ይደርቅና መዞር ያቅተዋል። ጋሽ ባሳ ያለቀውን ሁሉ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ዳበስ ያደርጉታል። አንዲት የክር ፀጉር ብድግ ካለች ምላጭ አንሥተው ቁርጥ! ግማሽ ቀን የለፋሁበትን ሲቆርጡት አንጀቴ ያርር ነበር።

መወርወር የተማርኩት ከብት በሚግጥበት በድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነው። አንድ ቀን የአንድ ቄስ ጃንጥላ በመንጠቆ አጥምጄ ሰው ተሰብስቦ ሳቀብኝ። ቄሱ "ጾም ነው ልጄ፣ ዓሣም ቢሆን አልበላም" አሉኝ። ጋሽ ባሳ ያን ቀን እንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል።

ከዚያ ወደ ኛንጋቶሞች ከተማ፣ ካንጋተን ተላክን። ያኔ ኦሞን በታንኳ ተሻግሮ ነበር የሚገባው። ኛንጋቶሞች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ደግሞ ዳርቻው ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ከብት ያለቀባቸው ጥቂት ሰዎች ዓሣ ማጥመድ ጀምረው ነበርና ከእነሱ ማኅበር ተቋቋመ። መሪያቸው ሎቡር ይባላል፤ ረጅም፣ ኩሩ፣ ሳቂታ ሰው። አማርኛው አጭር ነው፤ ግን የማይገባው ነገር አልነበረም። ጋሽ ባሳና ሎቡር ብዙ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። አንዱ ያስራል፣ አንዱ ያያል፤ ቀጥሎ ያ ያስራል፣ ይሄ ያያል። "ታጠቡ" ሲባሉ ይታጠባሉ፤ እነሱም ለምን ብለው መልስ አላገኙም።

ጋሽ ባሳ አንድ ሕልም ነበራቸው። ጂንካ ላይ ወርክሾፕ ተከፍቶ፣ የእንጨቷ ዓሣ እዚሁ ተቀርጻ፣ መንጠቆዋ እዚሁ ታስሮ፣ ለኦሞ ሰው ሁሉ እንድትዳረስ ነው። ለራሳቸው ምንም ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ይቺን ግን ደጋግመው ጠየቁ። በመጨረሻ ተፈቀደ ተባለ። መጀመሪያ ግን ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ካንጋተን ድረስ መጥተው ሥራውን በዓይናቸው ይዩ ተባለ። እነሱ ከወደዱት ወርክሾፑ ይከፈታል።

ያኔ ኃላፊያችን የነበረውን ሰው ስሙን አልጠራም፤ አንቱም አልለውም። እኛ "አቶ አቅጣጫ" ነበር የምንለው። ምን ብትጠይቂው "በዚህ ላይ አቅጣጫ ተቀምጧል" ነው መልሱ። ሽንት ቤቱ ፈሰሰ ብትዪው አቅጣጫ ተቀምጧል! የጉብኝቱ ዕለት አዲስ ኮፍያ አድርጎ እንግዶቹን ወንዙ ዳር ደርድሮ "ሞዴል ማኅበራችን" እያለ ያስጎበኝ ጀመር።

ሎቡርና ጓደኞቹ ለዚያ ቀን ክብር ሲሉ ማጥመጃዎቹን ሁሉ ፈትተው በአዲስ ክር አስረዋቸው ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ሎቡር ታንኳው ላይ ቆሞ ወረወረ። ክሩ ተወጠረ። ወንዙ ፈነዳና ነጩ ዓሣ ጭራውን አሳየን፤ የሰው ቁመት ያክላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔም እልል አልኩ። ሎቡር እየሳበ እየሳበ ወደ ዳር ሲያቀርበው ክሩ ላላ አለ። የእንጨቷ ዓሣ ብቻዋን ወጣች፤ መንጠቆ የላትም። ሌላዋን አነሡና ወረወሩ። አሁንም ያዘ፤ አሁንም መንጠቆው ሄደ። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። አቶ አቅጣጫ ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አደረገ።

ጋሽ ባሳ የእንጨቷን ዓሣ ተቀብለው የክሩን ጫፍ በጣታቸው መካከል አሳለፉት። ክሩ አልተበጠሰም፤ ተፈትቶ ነው የቀረው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። ወደ ሎቡር አዩና ዓሣዋን ኪሳቸው ከተቷት።

ነገሩ የገባኝ እንግዶቹ ሲሄዱ ነው። ሎቡር ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ያያል። "ምን ሆነ?" አልኩት።

"እኔ አላውቅም። ገመድ ጥሩ ነበር። አዲስ ነበር። እኛ ቅቤ ቀባን።"

"ቅቤ?"

"አዎ፣ ቅቤ። ገመድ ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል፣ ይሰበራል። የከብት ገመድ፣ የበርጩማ ጠፍር፣ ሁሉ ቅቤ ይጠጣል። ይሄ ትልቅ ቀን ነው፤ ብዙ ቀባን።"

ክው አልኩ። ጉንጉን ክር እንደ ቆዳ ጠፍር አይደለም። በተፈጥሮው አንሸራታች ነው፤ ምራቅ ይደርቃል፣ ቅቤ ግን እዚያው ይቀራል። ቅቤ የጠጣ ቋጠሮ ትንሽ ዓሣ ይይዝ ይሆናል፤ ትልቁ ሲስበው ግን ሹልክ ይላል። ሰዎቹ ካላቸው ሁሉ ምርጡን ነው የቀቡት፤ ለሚወዱት ነገር የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ምን ብዬ ልቆጣ? ወደ ጋሽ ባሳ ሮጥኩና ነገርኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሸትቶኛል።"

"እንግዲያው እንናገር! ጥፋቱ የቋጠሮው አይደለም!"

"አስቴር፣ ዝም በይ። ይሄን ሰውዬ አታውቂውም? ቅቤ ቀብተው ነው ካልሽው ነገ 'እነዚህ አይሠለጥኑም' ብሎ ማኅበሩን ያፈርሰዋል።"

ስብሰባው ጂንካ ተደረገ። አቶ አቅጣጫ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ "ኋላቀር አሠራር" ተናገረ። ደረጃውን ያልጠበቀ ክር፣ ከደረጃ ውጭ የሆነ ቋጠሮ፣ መሥሪያ ቤቱን ያዋረደ ልማድ... እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ማኅበሩ ይቅር፣ ሰማይ ይደፋ ብዬ ብድግ አልኩና "የቋጠሮው ጥፋት አይደለም! ቋጠሮው—" ስል፣ ጋሽ ባሳ ከጎኔ ተነሡ። በዚያ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው።

"ቋጠሮው የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው።"

ቁጭ አሉ። አቶ አቅጣጫ "ይኸው፣ ባለቤቱ አመነ፤ አቅጣጫ ተቀምጧል" አለና ወረቀቱን አጠፈ። የኔን ነገር ማን ይስማ?

ወርክሾፑ ቀረ። የታሰረው ሁሉ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ተጣለ፤ የብረት ቀለበት ያለው የፋብሪካ ማጥመጃ ተገዛ። ያም ዝጎ፣ ተከፍቶ፣ ኦሞ በላው። ማኅበሩን አላፈረሱትም፤ ጋሽ ባሳ ያሉት ሆነ። እሳቸውን ግን ጥበቃ አደረጓቸው። ጥበቃ! እነዚያን እጆች! ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አቶ አቅጣጫ በመኪና ሲገባ ብድግ ብለው በር ይከፍቱለት ነበር። እሱ አንድ ቀን እንኳን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እንደምን አደሩ" ሲል አላየሁትም። እኔ በግምጃ ቤቱ መስኮት እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር። ሰውዬው ወደ ላይ አደገ፣ ከዚያም የበለጠ አደገ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከአቶ አቅጣጫ እኩል የተቆጣሁት በጋሽ ባሳ ነበር። ሰው እንዴት የራሱን ሥራ በገዛ አፉ ይከሳል? ጡረታ ወጥተው ከጂንካ ወጣ ብላ ያለች ገዘር ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ በኋላ በዓል ሲሆን እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ቋጠሮው ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ባነሣው እንደምጮህባቸው አውቀው ይመስለኛል።

እንግዲህ ከአዳራሹ ወጥቼ ቤቴ በገባሁ በማግሥቱ በረከት አጥሬን አንኳኳ። ሊሰድበኝ የመጣ መስሎኝ ወገቤን ይዤ ጠበቅኩት።

"እትዬ አስቴር፣ ትናንት ስለሳቁብዎ ይቅርታ። ባለቤቱ ማን ነው? ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"አዲስ ቴክኖሎጂ አይደል እንዴ? ምን ባለቤት አለው?"

አንገቱን ደፋ። "ስላይዱ ላይ 'አዲስ' ካልተባለ በጀት አይፈቀድም" አለ። እዚህ ላይ ሳልወድ ሳቅኩ፤ ያ ቤት አልተለወጠም። "እኔ ከቪዲዮ አይደለም ያገኘሁት። ካንጋተን ተመድቤ ሳለሁ ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው ያስተማሩኝ። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልገባኝም። ሳይታጠቡ ክሩን አይነኩትም። በአመድ ይታጠባሉ፤ ልጆቻቸውን ያስታጥባሉ፤ እኔንም ከልክለውኛል። ለምን ስላቸው 'ሽማግሌው ታጠቡ ብሏል፤ አንድ ቀን አልሰማነውም፣ አዋረድነው' ይሉኛል። የሃይማኖት ነገር መስሎኝ ነበር።"

ወገቤን የያዘው እጄ ወረደ። እንባዬ ሳልፈልግ መጣብኝና ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስመለስ "ተነሥ፣ ገዘር እንሄዳለን" አልኩት።

ሚኒባስ ተሳፍረን ደረስን። ጋሽ ባሳ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ገና ሳልቀመጥ ለዓመታት የያዝኩትን ዘረገፍኩት። "ጋሽ ባሳ፣ ይሄ ልጅ ቋጠሮዎን አዲስ ግኝት ብሎ እያስተማረ ነው! አሁን እንኳ እውነቱን ይናገሩ! ያኔ ለምን በሐሰት ራስዎን ከሰሱ?"

"በሐሰት አይደለም።"

"ቅቤውን የቀባው ሎቡር እኮ ነው!"

"ማን ከለከለው?" አሉ ረጋ ብለው። "ታጠቡ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እጃችሁን አስታጥቤ ቅባቱን አስለቅቃለሁ፤ ክሩ ቅባት እንደማይወድ ግን ከአፌ አልወጣም። አባቴም እንዲሁ ነው ያስተማረኝ፤ ጠይቄው ያገኘሁት ጥፊ ነው። አንቺንስ ነግሬሽ አውቃለሁ?"

ነግረውኝ አያውቁም። ያን ሁሉ ዓመት ስታጠብ ኖሬ፣ ያወቅኩት ከሎቡር አፍ ነው። ግን እንዲህ በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም፤ "እሺ፣ እሱ ይሁን! በር ጠባቂ ያደረጉዎትስ? እሱም የእርስዎ ጥፋት ነው?" አልኩ።

"እሱ የእነሱ ነው" አሉ። "እሱን አንቺ ተቆጪልኝ፤ ትችይበታለሽ።"

እየተቆጣሁ ነው፤ እስክሞትም እቆጣለሁ። ከዚያ ቢሮ አንድ ሰው ወጥቶ ይቅርታ አላላቸውም፣ አሁንም አላለም።

በረከት ቀስ ብሎ ተጠጋና ስለ ካንጋተን ነገራቸው። ሎቡር እንዳረጀ፣ ልጆቹ እንደሚያጠምዱ፣ አመዱ በጣሳ ታንኳው አጠገብ እንደሚቀመጥ ነገራቸው። ጋሽ ባሳ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ።

"እስካሁን ይታጠባሉ?"

"ይታጠባሉ፣ ጋሼ።"

እጃቸውን ዘረጉ። በረከት ከቦርሳው የእንጨት ዓሣ፣ መንጠቆና ክር አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አኖረላቸው። ልጃቸው ሳትጠየቅ አመድና ውኃ አመጣች፤ ታጠቡ፣ ንጹሕ ጨርቅም ከኮታቸው ኪስ ወጣ። ክሩን በዳበሳ አጠፉት፣ አሾለኩት፣ በምራቃቸው አረጠቡት፣ ሳቡት። ጥፍራቸውን አሳለፉበት፤ አንዲት ፀጉር አልተነሣችም። በረከት ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ወደ ደረታቸው ሸሸጉት።

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" አሉት።

ልጁ ወደ ጣሳው ጎንበስ ሲል በክንዱ ያዙት።

"ቆይ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።"